የዝዋይ ደሴቶች የሚፈልጉት ሪዞርት ሳይሆን የጀልባ ሰዓት ነው

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሀር ሲወርዱ የጉዞ ወኪሎች መስኮት ላይ ተለጥፎ የሚያዩት ደሴት ሁሉ የሰው አገር ነው፦ ዛንዚባር፣ ሲሼልስ፣ ሞሪሸስ። ነጭ አሸዋ፣ ያዘነበለ ዘንባባ፣ ከሥሩ ዋጋው በዶላር። ዶላር ብርቅ በሆነበት ከተማ መሀል ይህን ያህል የዶላር ጉዞ መሸጡ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆይ። እኔን የሚከነክነኝ በመኪና ሦስት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ሰው የሚኖርባቸው፣ የራሳቸው ቋንቋና የራሳቸው ታሪክ ያላቸው ደሴቶች እያሉን አንድም ወኪል ሲሸጣቸው አለማየቴ ነው።

የምናገረው ስለ ዝዋይ ሐይቅ ነው፤ ደምበልም ይባላል (የአዲስ አበባ ሰው ደምበል ሲባል ቦሌ መንገድ ላይ ያለው ሕንፃ እንደሚመጣበት አውቃለሁ)። ሐይቁ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መቂና ከታር የተባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ የሚወጣው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይወርዳል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ዋና ዋና ደሴቶቹ አምስት ናቸው፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ።

የአዲስ አበባ ሰው ዝዋይን የሚያልፈው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አይካድም። ሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለበት አይዋኙበትም። ላንጋኖ ግን፣ ውሃው የቱንም ያህል ቡናማ ቢሆን፣ ከዚህ በሽታ ነጻ ነው ስለሚባል ቅዳሜና እሑድ መኪናው ሁሉ ወደዚያው ይነጉዳል። ባቱ ከተማ (የቀድሞዋ ዝዋይ) ላይ የሚቆመውም ቢሆን የቆሮሶ ዓሣ ጥብሱን በልቶ፣ አባ ኮዳ የተባሉት ወፎች ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን አንጀት ሲሻሙ ፎቶ አንሥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ሐይቅን በመዋኛነቱ ብቻ የምንመዝን ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ዝዋይ ግን የሚታየው ከወደቡ ማዶ ነው።

ከደሴቶቹ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። አናቱ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። በደሴቱ ሰዎች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት መሠረት ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሽተዋል፤ ያረፉትም እዚህ ነው፤ ታቦቱም ወደ አክሱም እስኪመለስ 70 ዓመት ያህል ተቀምጧል። ታሪክ ጸሐፊው ይህን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ትውፊት ይመዘግበዋል፤ ልክም ነው። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያኗ የሚገኙት ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ትውፊት አይደሉም፤ በዓይን የሚታዩ፣ በእጅ የሚዳሰሱ ናቸው። ከሰሜን እንዲህ በራቀ፣ በውሃ በተከበበ ኮረብታ ላይ የግእዝ ብራና ለዘመናት ተጠብቆ መቆየቱ ብቻውን ሰውን ከአዲስ አበባ አስነሥቶ ሊያስኬድ የሚበቃ ነገር ነው።

ከብራናው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ደግሞ ሕዝቡ ነው። የደሴቶቹ ባለቤት የዛይ ሕዝብ የሚናገረው ዛይኛ ከሴማዊ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ ስልጢኛና ሐረሪ ናቸው። የጀጎል ግንብ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋና ሐይቅ መካከል የሚነገረው ቋንቋ የሥጋ ዘመድ መሆናቸውን ያወቀ ሰው የዚህች አገር ካርታ ሌላ መልክ ይይዝበታል። እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድረስ የዛይ ሰው ኑሮ በአመዛኙ ከደሴቶቹ አይወጣም ነበር። ቁልቁለቱን በድንጋይ እርከን ከፋፍሎ ያርሳል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ ይሸምናል። ከቄጠማ የታሰረችው ታንኳ እስከ ዛሬ ከሞተር ጀልባው ጎን ለጎን ትሠራለች። ጠጋ ብለው ቢያዩዋት ምስማር የላትም፣ ሳንቃ የላትም፤ እስር በእስር ላይ ተደራርቦ በገመድ የተጠፈረ ሣር ብቻ ናት። ውሃ ስለምትጠጣ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ስትበሰብስም ባለቤቷ ሌላ ያስራል።

ለምን ጣናን አላነሣህም የሚለኝ አይጠፋም። ጣና ስሙ የታወቀ ነው፤ ችግሩ እዚያም ጎብኚው ከተለመደው መንገድ አለመውጣቱ ነው። ብዙው ሰው አይቶ የሚመለሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ነው፤ እርሷ ያለችው ደግሞ በደሴት ላይ ሳይሆን በዘጌ ልሳነ ምድር ላይ ነው። የዐፄ ፋሲልና የሌሎች ነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠራቻት የደቅዋ ናርጋ ሥላሴ፣ ራቅ ስለሚሉ ብዙ ጊዜ ከጉዞው ዝርዝር ይወጣሉ። ወደ ደቡብ ስንወርድ ደግሞ በአባያ ሐይቅ ላይ የባይሶ ሕዝብ የሚኖርበት የግድቾ ደሴት አለ። ስንቶቻችን ስሙን ሰምተናል?

አሁን ወደ ሙግቴ ልግባ። ስለ ቱሪዝም በተነሣ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰነዘረው መፍትሔ አንድ ነው፦ ሪዞርት ይሠራ። የዝዋይ ደሴቶች ግን ሪዞርት አያስፈልጋቸውም፤ ቢሠራባቸውም የእርሻ መሬታቸው የጠበበባቸውን ሰዎች የበለጠ ያጣብባቸዋል። የጎደለው ሰዓቱ የታወቀ ጀልባ ነው። ዛሬ ብቻውን ወይም ከባለቤቱ ጋር ወደ ባቱ የወረደ ሰው ወደ ቱሉ ጉዶ መሻገር ቢፈልግ ሙሉ ጀልባ መከራየት አለበት፤ ለአሥር ሰው የሚበቃውን ዋጋ ለሁለት ይከፍላል። ዋጋው የተጻፈበት ሰሌዳ ስለሌለ ክርክሩ ራሱ ግማሽ ጠዋት ይበላል። በሐይቁ ላይ ደግሞ ጠዋት ማለት ሁሉም ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ያስነሣልና። የአንድ ሰዓት ከምናምን መንገድ በማዕበል መሀል ያለ ሕይወት አድን ጃኬት መሻገር ጉብኝት አይባልም።

ቅዳሜና እሑድ ማለዳ የምትነሣ፣ ትኬቷ በነፍስ ወከፍ የሚቆረጥ፣ ጃኬት የያዘች፣ ከቀትር በፊት የምትመለስ አንዲት ጀልባ ብትኖር ግማሹ ችግር ይቀላል። ይህ ሕልም አይደለም። ወንጪን እንውሰድ። ዓለም አቀፉ የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። ዘመናዊው ሎጅ ከመታሰቡ ከብዙ ዓመታት በፊት የአካባቢው ሰው በማኅበር ተደራጅቶ ፈረሱንና ጀልባውን በተራ ያከራይ ነበር፤ እንግዳው ወንጪ ቂርቆስ ወዳለበት ደሴት የሚሻገረው ዋጋውን አውቆ ነው። ባቱ ላይ ይህን ማድረግ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብራናዎቹ ናቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጨርቁ የሚፈታ፣ ገጹ በላበት ጣት የሚገለጥ፣ የካሜራ ብልጭታ የሚወርድበት መጽሐፍ ዕድሜ አይኖረውም። ጥሩ ፎቶ ኮፒ ለእይታ፣ ዋናው ለቅዳሴና ለተመራማሪ ቢሆን ቤተ ክርስቲያኗም አትጎዳ፣ እንግዳውም አይጎድልበት። የመግቢያው ገንዘብ ደግሞ በደረሰኝ ይሁን።

እንግዳ ሲበዛ ባህሉ ይበላሻል የሚል ስጋት አለ፤ አልንቀውም። ይሁን እንጂ የዛይ ወጣት እንግዳ ባይመጣም ለትምህርትና ለሥራ እየተሻገረ ነው፤ ከተሻገረ በኋላ የሚናገረው ኦሮምኛና አማርኛ ነው። ደሴቱ ላይ አስጎብኚ ሆኖ፣ ጀልባ ነድቶ፣ የእናቱን ሽመና ሽጦ የሚያድርበት መንገድ ቢኖር ጥቂቶቹ መቅረታቸው አይቀርም። ውሃውም ጠበቃ ያስፈልገዋል። ዙሪያውን ያለው መስኖና የአበባ እርሻ የሚቀዳው ከዚሁ ሐይቅ ነው፤ ታች ያለው አቢጃታ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ሰው ነገሩን ቀላል አያደርገውም።

ለመጀመሪያ ጉዞ ከኅዳር 21 የተሻለ ቀን አላውቅም፤ የጽዮን ማርያም በዓል ነው፣ ክረምቱም አልፏል። ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ አለ። ቱሉ ጉዶ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴቶች የተከለከለ ስላልሆነ ቤተሰብ ሙሉ መሄድ ይችላል። የመንገዱን ጸጥታ አስቀድሞ መጠየቅ ዘመኑ ያመጣው ግዴታ ነው፤ ነጠላና የመጠጥ ውሃም አይረሳ። የቸርችል ጎዳና ወኪሎች ሃያ ሰው መዝግበው አንድ ሚኒባስ ከያዙ የሚቀራቸው ከባቱ የጀልባ ባለቤቶች ጋር በዋጋውና በመነሻ ሰዓቱ መስማማት ብቻ ነው፤ ለዚህም የስልክ ጥሪ ይበቃል።