ይድረስ ለክቡር ሮዝ የመጫወቻ ካርቶን፣ ባሉበት መደርደሪያ

ጉዳዩ፦ ሲኖትራክ ስለመነጠቅ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ፣ እኛ ከእርስዎ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ትናንት ጅማ ሄርማታ ሰፈር ልጄን ይዤ መጫወቻ ሱቅ ገባሁ፣ ገና አፌን ሳልከፍት "ለወንድ ነው ለሴት?" (ቀበሌ እንኳን መጀመሪያ ስም ነው የሚጠይቀው)። እሷ ለካ ቀድማኝ ቢጫ ሲኖትራክ አንስታ መሬት ላይ ተንበርክካ አፈር እየገለበጠች ነው፣ አፈር የለም፣ ድምፁን ግን ራሷ ታወጣለች። ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ ከእጇ ወሰደባትና "የኔ ቆንጆ ይሄ የወንድ ነው፣ ነይ ያንቺን ላሳይሽ" ብሎ እርስዎን አወረደላት፦ ምድጃ፣ ድስት፣ መጥረጊያ። "ይሄማ ቤት አለ" አለችው። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ደንበኛ "ወንድም ውለጂላትና ለሱ ትገዢለታለሽ" ብላ መከረችኝ፣ ሌላው አባቷ ወንድ ልጅ አምሮት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሲኖትራኩን ከፍዬ ስወስድ ደግሞ በጥቁር ፌስታል ደራርቦ ቋጥሮ ሰጠኝ፣ ሰው እንዳያይብኝ አዝኖልኝ መሰለኝ።

ቦርሳዋንና ኮዳዋን ሮዝ ያረጉትን ትቼልዎታለሁ።

ማታ ቁጭ ብዬ ዘርዎን ቆጠርኩ። በፈረንጅ 1913 አሜሪካ ኢሬክተር የሚባል የብረት መገጣጠሚያ ሲወጣ ማስታወቂያው ሰላም የሚለው ወንዶችን ብቻ ነው። በ1925 ሲርስ የሚባለው የአሜሪካ ሱቅ ካታሎግ ትንሽዬ መጥረጊያ ሲሸጥ ሴት ልጅ ሁሉ የእናቷን ስራ መስራት ትወዳለች ይላል። ግን ክቡርነትዎ፣ በ1918 አንድ የልጆች ልብስ ነጋዴዎች መጽሔት ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም ስለሆነ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለሴት ብሎ ነበር፣ እርስዎ ራስዎ የወንድ ነበሩ እኮ! በ1957 ላዮኔል የሚባል የመጫወቻ ባቡር ሰሪ ለሴቶች ብሎ ሮዝ ባቡር ሰራ፣ ገዢ አጣ። በ1981 ደግሞ መገጣጠሚያ መጫወቻ ሰሪው ሌጎ በማስታወቂያው ጂንስ የለበሰች ቀይ ፀጉር ልጅ የሰራችውን ይዛ ስትስቅ አሳየ፣ ሮዝ የሚባል ነገር ሳያስፈልገው።

እሺ ነጋዴው ገባኝ፣ የእህትየው መጫወቻ ለወንድምየው እንዳይተላለፍና ሁለቴ እንድንገዛ ነው። አንተ ባለሱቁ ግን ምን አገባህ? 5 አመቷ ነው! ሲወስድባት አላለቀሰችም፣ እጇን ወደኋላ ደበቀች፣ ጥፋት ያጠፋች መስሏት! ጅማ እኮ በርጩማ የሚቀረፅበት ከተማ ነው፣ ማን ሊቀመጥበት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ አይቼ አላውቅም።

ግልባጭ፦
ለሰማያዊ ካርቶን። የእህቴ ልጅ አሻንጉሊት ስላዘለ ሴታሴት ተብሏልና ያንተ ደብዳቤ ለብቻው ይመጣል።