እርማት፦ የእጅ ሰዓቱ እርምጃ ስላልቆጠረ ታማሚው አልተራመደም ማለት አይደለም

«ከስትሮክ በኋላ የእጅ ሰዓቱ በቀን 300 እርምጃ ብቻ ካሳየ፣ ታማሚው ልምምዱን አልሠራም ማለት ነው» የሚለው ስህተት ነው። ሲለፋ የዋለን ሰው ያለጥፋቱ ያስወቅሳል።

ሰዓቱ እግርን አያይም። ውስጡ ያለው አክስሌሮሜትር (የእንቅስቃሴ መለኪያ) የሚለካው የክንድን መወዛወዝ ነው። ዎከር (በሁለት እጅ ተይዞ የሚደገፉበት የመራመጃ ፍሬም) የጨበጠ እጅ ግን አይወዛወዝም፤ ጡንቻው የተኮማተረ ክንድም ደረት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አረማመዱ በሰከንድ ከግማሽ ሜትር በታች ከሆነ ደግሞ እንቅስቃሴው ደካማ ስለሚሆን ብዙ መሣሪያዎች እንደ እርምጃ አይቀበሉትም።

ስለዚህ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ዳሳሽ ይሻላል፤ በተለይ ደህናው እግር ላይ፣ ምክንያቱም የደከመው እግር እየተጎተተ ሲሄድ ምልክቱ ይደበዝዛል። ማሰሪያው እንዳይዞር ጠበቅ ይበል፣ ቆዳ ላይ ግን ሰንበር አይተው።

ከማመናችሁ በፊት ፈትኑት። ታማሚው በተለመደው ፍጥነቱ ሲራመድ የሁለቱንም እግር እርምጃ በዓይን እየቆጠራችሁ 50 ላይ አስቁሙት። መሣሪያው 25 ገደማ ካለ የአንዱን እግር ብቻ እየቆጠረ ነው፤ በ2 አባዙት። 38 ካለ ግን እርምጃ እየዘለለ ነው፤ የታሰረበትን ቦታ ወይም መሣሪያው ምን ያህል ደካማ እንቅስቃሴ እንደሚቀበል የሚወስነውን ቅንብር ቀይራችሁ እንደገና ሞክሩ። ፍጥነቱ ሲሻሻል ወይም ዎከሩ በከዘራ ሲተካ ፈተናው ይደገም፤ አለዚያ ቁጥሩ የጨመረው ታማሚው ስለበረታ ይሁን መሣሪያው ስላየው አይለይም።