የእድርተኛን ሰው በተገልጋይነት መቀበል፦ ይገባል ወይስ አይገባም?

በዋሺንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በአማርኛ የሚሠራ ቴራፒስት በእድር ወይም በአጥቢያ ከሚያውቀው ሰው የቀጠሮ ጥያቄ ይመጣለታል። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ቴራፒስት በማኅበራዊ ሕይወቱ የሚያገኘውን ሰው በተገልጋይነት መቀበል የለበትም» የሚል ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች የሙያ ፈቃድ ያላቸው ናቸው። እሷ ሐሳቡን ትደግፋለች፣ እሱ ይቃወማል።

ደጋፊ፦ ሰው የሚፈራው ምስጢር ይወጣል ብሎ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከውጭ ወደ ምክር ክፍሉ የሚገባው ወሬ ነው። ተገልጋይዋ ባሏ ገንዘብ እንደሚደብቃት ገና አልተናገረችም፤ ቴራፒስቷ ግን ልቅሶ ቤት ሰምታዋለች እንበል። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ «የገንዘቡስ ነገር?» ብላ ብትጠይቃት፣ ተገልጋይዋ ወዲያው የምታስበው «ማን ነገራት?» የሚለውን ነው። ከዚያ ወዲያ ንግግሯን መመጠን ትጀምራለች። ፋይሉም ይበላሻል፤ የተጻፈው ከተገልጋይዋ አፍ የወጣ ይሁን ከልቅሶ ቤት የተለቀመ አይለይም። የፍቺ ክስ ከመጣ ደግሞ ያ ማስታወሻ ፍርድ ቤት ሊፈለግ ይችላል።

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በአንቀጽ 3.05 ተደራራቢ ግንኙነት የሚለው ከተገልጋዩ ጋር ያለውን ብቻ አይደለም፤ ከተገልጋዩ የቅርብ ሰው ጋር ያለውንም ይጨምራል። በአንድ እድር ውስጥ ደግሞ ባልም፣ አማትም፣ የክርስትና እናትም አሉ። ይሉኝታውም አለ። የሚያውቁትን ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ መተው ይከብዳል። ስለዚህ ተገልጋዩ ሳይናገር ይቀራል፤ ቴራፒስቱን ላለማየት ሲልም ቤተ ክርስቲያኑን ይለውጣል። ሕክምናውንም፣ የሚጽናናበትን ቦታም በአንድ ላይ ያጣል ማለት ነው።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ አደጋው እውነት ነው። አንቀጹን ግን ግማሹን ብቻ ነው የጠቀሱት። ያው አንቀጽ፣ የባለሙያውን ፍርድ ያዛባል ወይም ተገልጋዩን ይጎዳል ተብሎ በአግባቡ የማይገመት ግንኙነት ጥፋት እንዳልሆነ ይናገራል። እንድንመዝን ነው ያዘዘን። ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት አጥቢያ በሩቁ የማየውን ሰው እቀበላለሁ። በየወሩ ማኅበር አብሮኝ የሚጠጣውን፣ በእድር ኮሚቴ አብሮኝ የሚፈርመውን፣ እቁብ የምንጣጣለውን፣ አበልጄን አልቀበልም።

ሚዛኑ የሚሠራው ግን ታሪኩ ከመሰማቱ በፊት ነው። የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። የደዋዩን ስም፣ የባለቤቱን ስም፣ አጥቢያውን፣ እድሩን፣ ማን እንደላከው እጠይቃለሁ። ችግሩን ሊዘረዝር ሲጀምር በትሕትና አስቆማለሁ፤ ከሰማሁ በኋላ «አልችልም» ብለው ምስጢሩን ይዤበት ልቀር ነውና። በዚያ ጥሪ የማላሳልፈው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። እሱ ካለ የግንኙነቱ ጉዳይ ቆይቶ ደኅንነቱ ይቀድማል፤ ራሳቸውን የማጥፋት ሐሳብ ለገጠማቸው የተዘጋጀው የስልክ መስመር 988ም በዚያው ይነገረዋል።

ደግሞስ የከለከልነው ሰው የት ይሄዳል? በአስተርጓሚ ወደሚሠራ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። ተራ በተራ ሲተረጎም እያንዳንዱ ነገር ሁለቴ ስለሚነገር የ50 ደቂቃው ቀጠሮ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከተገልጋዩ ፊት የሚቀመጠው አስተርጓሚም ብዙ ጊዜ የዚያው ማኅበረሰብ ሰው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁ እንዲያስተረጉም ሲደረግ ነው፤ የጤና ሽፋን ሕጉ ክፍል 1557 ከድንገተኛ አደጋ በቀር ይህን ይከለክላል፣ ግን ሲደረግ ይታያል።

ደጋፊ፦ አስተርጓሚ ሊስተካከል ይችላል። በስልክ ከሌላ ግዛት ይመጣል፣ ቀጠሮው 90 ደቂቃ ይያዛል፣ የተገልጋዩ ስም አይነገረውም፣ 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ ስለ አሠራሩ ይነገረዋል። ሌላም በር አለ። ሳይፓክት በተባለው የግዛቶች ስምምነት የተመዘገበ ሳይኮሎጂስት ከሌላ አባል ግዛት ሆኖ በቪዲዮ በአማርኛ ማገልገል ይችላል፤ ሦስቱም አካባቢዎቻችን አባላት ናቸው።

አሁን ተገልጋዩ ሕክምና ሲጀምር ወደሚፈርመው የስምምነት ፎርማችሁ ልምጣ። «ውጭ ስንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልም» የሚለው መስመር በየፎርሙ ይገለበጣል። በእኛ ዘንድ ይህ ምስጢር ማውጣት ነው። ሁልጊዜ ሦስቴ ተሳስመው ሰላም የሚባባሉ ሁለት ሰዎች ድንገት ዝም ተባብለው ቢተላለፉ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጅ የቆመው ሁሉ «ምን ሆነው ነው?» ይላል። ተጣልተዋል ይባላል፤ ወይም በትክክል ይገመታል።

ተቃዋሚ፦ በሰላምታው ተረትቻለሁ፤ ያ መስመር ይውጣ። በምትኩ በመጀመሪያው ቀጠሮ ከራሱ ከተገልጋዩ ጋር ይጻፍ፤ ሰላምታው እንደ ወትሮው ይሁን፣ ደጅ ላይ ስለ ቀጠሮ አይነሳ፣ ልቅሶ ቤት ብመጣ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ነው።

ሳይፓክት ግን ለሳይኮሎጂስቶች ብቻ ነው፤ ሶሻል ወርከርና ካውንስለር በእሱ መሥራት አይችሉም። ቪዲዮም የራሱ ቀዳዳ አለው። ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ባልየው ከበሩ ጀርባ ነው፤ ተገልጋይዋ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ታወራለች። በየቀጠሮው መጀመሪያ «አሁን የት ነዎት? ብቻዎን ነዎት?» ብሎ ትክክለኛ አድራሻ መመዝገብ ግድ ነው፤ ፒ ኤች ኪው 9 በተባለው የድብርት መጠይቅ፣ ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ማሰብን ለሚጠይቀው ለዘጠነኛው ጥያቄ «በፍጹም» ከማለት ሌላ መልስ ከሰጠች እርዳታ የሚላከው ወደዚያ ነውና።

ሁላችንም ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንጨነቅ ምስጢሩ በፖስታ ሳጥን ይወጣል። ኢንሹራንሱ በባል ስም ከሆነ፣ ሚስት የተገለገለችበት ቀንና የባለሙያው ስም ያለበት መግለጫ ለባል ይደርሰዋል። ሂፓ የተባለው የሕክምና መረጃን ምስጢር የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ደብዳቤው ወደ ሌላ አድራሻ እንዲላክ መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ኢንሹራንሱ የመቀበል ግዴታ የሚኖርበት ግን መረጃው ቢታወቅ አደጋ ላይ እንደሚጥላት ስትገልጽ ነው። ይህ የመጀመሪያው ሒሳብ ከመላኩ በፊት መሞላት አለበት። የማታውቃት ቴራፒስት ዘንድ ብትሄድም ይኸው ነው።

ደጋፊ፦ የፖስታውን ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሚዛኑን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ግን አልተመለሰልኝም። ገቢ የሚፈልገው ቴራፒስት ራሱ፣ «የሀገሬን ሰው እንዴት እመልሳለሁ» በሚል ይሉኝታ ተይዞ፣ ግንኙነቱ አይጎዳም ብሎ ይፈርዳል? የሚቀበል ከሆነ ከማኅበረሰቡ ውጭ የሆነ ሱፐርቫይዘር ስም ሳይጠቀስ ጉዳዩን ሰምቶ ከሁለተኛው ቀጠሮ በፊት ውሳኔውን በጽሑፍ ያስቀምጥ። ተገልጋዩ የሚዛወርበት ሌላ ባለሙያ ስምና ስልክ ከመጀመሪያው ቀን ፎርሙ ላይ ይኑር፤ ለመሄድ ማንንም ማሳዘን እንዳይጠበቅበት። ከባልና ሚስት አንዱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለጋራ ምክር ፈጽሞ አይቀበል።

ተቃዋሚ፦ ሦስቱንም እቀበላለሁ፤ በሱፐርቫይዘሩ ላይም በየስድስት ቀጠሮው ጉዳዩን ዳግም እንዲያይ እጨምራለሁ፤ ግንኙነት በአንድ ሰርግ ይለወጣልና። የማልቀበለው አሁንም ጥቅል ክልከላውን ነው። ከተከለከለም የከለከለው ባለሙያ ሌላው ዘንድ ቀጠሮ መያዙን ደውሎ ሳያረጋግጥ ስልኩን መዝጋት የለበትም።