የመጀመሪያ ጨዋታችሁ 16 ገጽ ይሁን

ጅማ ውስጥ የገጸ ባህርይ ጨዋታ የሚጫወቱ ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። ከእነሱ መካከል የራሱን ነገር የማይጽፍ ገጥሞኝ አያውቅም። አንዱ ካርታ ይሥላል። ሌላዋ አዲስ አስማት ትፈጥራለች። ሌላው የነገሥታቱንና የጦርነቱን ታሪክ ስልኩ ላይ ሞልቶታል። ሐሳብ በሽ ነው። ታትሞ፣ ተሰፍቶ፣ በማያውቁት ሰው እጅ የገባ ሥራ ግን አላየሁም። ይህ ያንገበግበኛል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህርይ ይይዛሉ። "እኔ ዘበኛውን አነጋግራለሁ" ይላል አንዱ። "እኔ በጓሮ ዞሬ እገባለሁ" ትላለች ሌላዋ። ይሳካላቸው አይሳካላቸው የማይታወቅ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። በዓለም ላይ ዋነኛው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት። ተጫዋቾች ከዚያ ዘመን ጀምሮ የራሳቸውን ጭራቅ፣ የራሳቸውን ከተማ፣ የራሳቸውን ሕግ ይጨምሩበታል። ይህን ሆምብሪው ይሉታል። እያሳተሙ የሚሸጡትም ብዙ ናቸው።

የኛዎቹን ለምን አታሳትሙም ስላቸው ሁለት መልስ እሰማለሁ። አንደኛው "ገና አላለቀም" ነው። ሁለተኛው "በእንግሊዝኛ ጽፌ ውጭ ካልሸጥኩት ማን ይገዛኛል?" የሚል ነው። የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው፤ ደብተሩ እንደተዘጋ ይቀራል። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የፈጠራ ዓለም መቼም አያልቅም። አምስት መንግሥት የጻፈ ሰው ስድስተኛው ይቀረዋል። ስድስተኛውን ሲጨርስ የመጀመሪያው አያስደስተውም። ተጫዋች ግን በአንድ ማታ ስድስት መንግሥት አያይም። የሚያየው አንድ ገበያ፣ አንድ መንገድ፣ የሆነ ነገር የሚፈልጉ ሦስት አራት ሰዎችን ነው። እሱን ጻፉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ አድርጋችሁ ጻፉት፤ መብራት ሳይጠፋ፣ ባጃጅም ሳይጠፋ። የሚቀረው ዓለማችሁ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

16 ገጽ የምለው በዘፈቀደ አይደለም። አንድ ኤ4 ወረቀት መሃሉ ላይ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል። አራት ወረቀት 16 ገጽ ይሆናል። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያሉ ኮፒ ቤቶች ሃንድአውት ሲያባዙ የሚውሉ ናቸው። ይህ ለእነሱ ቀላል ሥራ ነው። ፋይሉን በፒዲኤፍ ውሰዱላቸው። አክሮባት ሪደር ላይ ስታትሙ "ቡክሌት" የሚል ምርጫ አለ፤ የገጾቹን ቅደም ተከተል ራሱ ያስተካክለዋል። ተራ ስቴፕለር እስከ ማጠፊያው አይደርስም። በመርፌና በክር ሦስት ቦታ መስፋት ይበቃል፤ እንዲያውም ያምርበታል።

ስለ ምን ልጻፍ ለሚል፣ የምንኖርበት አገር ምን ጎደለው? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጊቤ አካባቢ አምስት መንግሥታት ነበሩ፤ ጅማ፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ እና ጌራ። የጅማው ሄርማታ ከደቡብ ምዕራቡ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣበታል። ሲራራ ነጋዴው አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ይዞ ይገባል። በመንግሥታቱ መካከል ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት መሬት አለ። መግቢያ መውጫው ላይ ደግሞ ኬላ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ ለመገበር ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን አቆዩ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ላይ አለ፤ ወጥቶ ማየት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ግን አንድ ላይ አትጻፉት። ኬላውን ብቻ ውሰዱ። መሽቷል። ቅፍለቱ ዘግይቶ ደርሷል። በሩ ሊዘጋ ነው። አንዱ ነጋዴ ጭነቱ ውስጥ ያልተናገረው ነገር አለ። የኬላው ሹም ከተጫዋቾቹ ከአንዱ ጋር የቆየ ቂም አለው። ውጭ ማደር ማለት ሞጋ ውስጥ ማደር ነው። እስከዚህ ድረስ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ማታውን ሙሉ ግን ያጫውታል። ተጫዋቹ ስለያዘው ሰው የሚሞላውን የገጸ ባህርይ ቅጽም ከዚሁ ከባህላችን ማውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው መስመር የፈረስ ስም ይሁን። የጅማ ነገሥታት አባ ጅፋር፣ አባ ጎሞል እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ነው የሚታወቁት። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። ተጫዋች ስሙን ሲመርጥ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንደሚፈልግ አብሮ ይወስናል።

አንድ ነገር ግን አለባብሶ ማለፍ አይገባም። ሄርማታ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። የተሸጡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም አብረውን ይኖራሉ። ከነጋዴውም ወገን እንደዚያው። ስለዚህ ያን ዘመን ጨዋታ የሚያደርግ ሰው ቁጭ ብሎ ማሰብ አለበት። እኔ በሁለቱም ጫፍ የሚደረገውን አልወድም። ባርነትን ጨርሶ ሰርዞ የቡናና የማር ገበያ ብቻ ማሳየት ውሸት ነው። ሰውን ከአሞሌ ጨውና ከዝሆን ጥርስ ጋር በዋጋ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ነውር ነው። መካከለኛው መንገድ ከባድ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ በባርነት የተያዘ ሰው ካለ ስም ይኑረው። የሚፈልገው ነገር ይኑረው። ዕጣው በዳይስ አይወሰን፤ ራሱ የሚያደርገው ነገር ይጻፍለት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጨዋታው ይህን ጉዳይ እንደሚነካ በግልጽ ይነገር። ጠረጴዛው መሃል ባዶ ካርድ ይቀመጥ፤ የነካው ሰው ለምን ሳይባል ትዕይንቱ ይታለፍለት። ይህ የካርድ ልማድ በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ ለኛ ደግሞ የበለጠ ያስፈልገናል።

ወደ ዳይሱ ልሂድ። የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ዋነኛ ዳይስ 20 ገጽታ አለው። እዚህ በቀላሉ አይገኝም። የስልክ አፕ አለ፤ ነገር ግን ስልክ ያነሳ እጅ ቲክቶክም ይከፍታል፣ ጨዋታውም እዚያው ይቀዘቅዛል። ሉዶ ግን በየሱቁ አለ። ሁለት የሉዶ ዳይስ ይበቃል። እንዲያውም ለጀማሪ ደራሲ ይሻላል ባይ ነኝ። ባለ 20ው ላይ እያንዳንዱ ቁጥር እኩል 5 በመቶ ዕድል አለው። ሁለቱ ዳይሶች ሲደመሩ ግን 36 ዓይነት አወጣጥ አለ፤ 7 ስድስት ጊዜ ይመጣል፣ 2 እና 12 አንድ አንድ ጊዜ ብቻ። መሃሉ ወፍራም ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ውጤት አስቀምጡ። 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተሳካ። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ተሳካ፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ ይበላሻል። ከ36ቱ አወጣጥ 6ቱ ሙሉ ስኬት፣ 15ቱ መካከለኛ፣ 15ቱ ውድቀት ናቸው። ይህ አሠራር በብዙ ጨዋታዎች ተፈትኗል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጭማሪው ላይ ነው። ለጎበዝ ገጸ ባህርይ በዳይሱ ድምር ላይ 1 ሲጨመርለት ውድቀቱ ከ15 ወደ 10 ይወርዳል። 2 ሲጨመርለት ወደ 6። 3 ሲጨመርለት ወደ 3 ይወርድና ሙሉ ስኬቱ 21 ይደርሳል። ያኔ ዳይሱ ሲጣል ማንም ትንፋሹን አይዝም። ጭማሪያችሁ ከ2 አይለፍ። ብዙ ጀማሪ ገጸ ባህርያቱን ሲያፈቅር ጭማሪ እያከለ ጨዋታውን ይገድለዋል።

ረቂቁ ሲያልቅ ከጓደኞቻችሁ ጋር መጫወት ጥሩ ነው፤ አይበቃም ግን። እናንተ አጠገባቸው ስላላችሁ ያልጻፋችሁትን በአፍ ትሞሉታላችሁ። ጽሑፉን ለማያውቃችሁ ቡድን ስጡ። ቁጭ በሉና ዝም በሉ። ሲቸገሩ አትርዱ። ገጽ ገልብጠው የፈለጉትን ሕግ ያጡበትን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉ።

ከሌላ ሰው ጨዋታ ተነስቶ መጻፍ ይፈቀዳል ወይ የሚል ፍርሃትም አለ። ይፈቀዳል፤ ወሰኑን ካወቁ። የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለቤት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2000 መሠረታዊ ሕጎቹን ሌሎች እንዲጠቀሙባቸው ክፍት ፈቃድ አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ፈቃዱን ሊያጠብቀው እንዳሰበ ሲሰማ ደራሲዎችና ተጫዋቾች ተቆጡ። በዚያው ወር መጨረሻ ሐሳቡን ተወ። ኤስአርዲ 5.1 የሚባለውን የጨዋታ ሕጎች ሰነድም በክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። ይህ ፈቃድ አይሻርም። መተርጎም፣ መለወጥ፣ መሸጥ ይቻላል፤ ምንጩን ሰነዱ በሚያዘው ቃል መጥቀስ ግን ግዴታ ነው። በኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው አገላለጹን ነው። ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም። ስለዚህ "ሁለት ዳይስ ጥለህ ደምር" የሚለው የማንም አይደለም። የሌላ ሰው አንቀጽ ግን የሌላ ሰው ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ሥዕልም እንደዚሁ። ሥዕል የሚሞክር ጓደኛ ፈልጉና ስሙን ሽፋኑ ላይ አውጡለት።

አሁን ገንዘቡ። ውጭ መሸጥ ምን እንደሚመስል እንየው። ዲኤምስ ጊልድ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ለደራሲው 50 በመቶ ይሰጣል፤ እዚያ የወጣ ሥራ ሌላ ቦታ አይሸጥም። ድራይቭስሩ አርፒጂ 65 በመቶ ይሰጣል፣ እዚያ ብቻ ለሚሸጥ 70። ኢች ዶት አይኦ ላይ ድርሻውን የሚወስነው ሻጩ ራሱ ነው። መጥፎ ገበያዎች አይደሉም። ነገር ግን ጅማ ላለ ሰው ገንዘቡን እጁ ማስገባት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ስትራይፕ የሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ መቀበያ ለምሳሌ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። በዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ከሚጽፉ እልፍ ሰዎች ጋር ነው የምትወዳደሩት። እዚህ ግን ከማን ጋር ትወዳደራላችሁ? ዋጋውን በቴሌብር መቀበል ይቻላል። የ16 ገጽ ኮፒ ዋጋ፣ የሽፋኑ ወረቀት፣ ለሠዓሊው ድርሻ፣ ትንሽ ለራሳችሁ። ተማሪ ከማኪያቶ ቀንሶ ሊገዛው በሚችል ዋጋ ይውጣ። ሀብት አያመጣም። አንባቢ ግን ያመጣል። አንባቢው ደግሞ ነገ መንገድ ላይ አግኝቷችሁ "ያ ኬላ ላይ ያለው ሹም አበሳጨን" ይላችኋል። ከውጭ ገበያ ይህን አታገኙም።

በአማርኛ ስትጽፉ ቶሎ የምትወስኑት ነገር አለ። ተጫዋቹን አንተ ትሉታላችሁ ወይስ አንቺ? ጠረጴዛው ላይ ሁለቱም አሉ። የኔ ምርጫ ብዙ ቁጥር ነው፤ "ሁለት ዳይስ ጣሉ"፣ "ቅጹን ሙሉ"። ማንንም አያስቀርም፤ ዓረፍተ ነገሩም አጭር ይሆናል። ደግሞ ይህ ጅማ ነው። ጠረጴዛው ላይ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ተቀላቅለው ነው የሚወሩት። ሁለቱንም የሚጽፍ ሰው ካለ የገጸ ባህርይ ቅጹ በሁለቱም ይሁን፤ ቅጹ አንድ ገጽ ነው፣ ብዙ አያደክምም።

ለፊደሉ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው የኮምፒውተር ፎንት ነፃ ነው። መጠኑን ከ11 አታሳንሱት። ሰው ከናንተ ቅጂ ላይ ሌላ ኮፒ ማንሳቱ አይቀርም፤ ፊደሉ ካነሰ የ"ሉ" እና የ"ሊ" ቅጥያ ይጠፋና አንባቢ ይደናገራል። ቅጹን መካከለኛው ወረቀት ላይ አድርጉት፤ ክሩን ሳይፈቱ ገልጦ ኮፒ ማድረግ እንዲቻል።

መጀመሪያ 20 ቅጂ ብቻ አሳትሙ። ስህተት መገኘቱ አይቀርም፤ የተዘለለ ሕግ፣ የተሳሳተ ቁጥር፣ ሁለት ስም ያለው ሰው። የገዙት ሰዎች ይነግሯችኋል። ፋይሉን አርሙና የኋላ ሽፋኑ ላይ "ሁለተኛ ህትመት" ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያውን ለገዙት ደግሞ የታረመውን ገጽ በቴሌግራም ላኩላቸው።