አብዬን ላላየ ሰው
ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ሰላም አስከባሪነትን «ዶላር ለቀማ» ማለታችሁ አናደደኝ። እኔ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡበት በአብዬ ግዛት ሰላም አስከባሪ ወታደር ነበርኩ። የተመድ ተልዕኮ እዚያ በፈረንጆቹ 2011 ሲጀመር ጦሩ ከሞላ ጎደል የእኛው የኢትዮጵያውያን ነበር። ተመድ የሚከፍለው ደግሞ ለመንግሥት ነው፣ ለወታደሩ የሚደርሰው ከዚያ ተርፎ ነው። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር አፈር ጭቃ ይሆንና መኪና ወጥቶ አይመለስም፣ ወባው ጉድ ነው፣ ራቅ ላለ ካምፕ ስንቅ የሚደርሰው በሄሊኮፕተር ነው። በጋ ላይ የሚሴሪያ ጎሳ አርቢዎች ከብታቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ከአካባቢው ነዋሪዎች ከንጎክ ዲንካዎች ጋር እንዳይጋጩ መሀል ገብተህ ፀሐይ ላይ መቆም ነው። የታሸገ ምግብ ስልችት ብሎን ከአገር ቤት በርበሬና ሽሮ የመጣለት ልጅ ድንኳኑ በእንግዳ ይጥለቀለቅ ነበር (ያኔ ማዕረግ የሚባል ነገር የለም)። እስቲ ቀጣዩን ጽሑፍ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ተመላሽ ወታደር አነጋግሩ።