ጆኪውን የሚጎዳው ከውድቀቱ ይልቅ ሚዛኑ ነው

በወሎ በጥምቀትና በሠርግ ጉግስ የሚጫወት ፈረሰኛ ኮርቻ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚጠይቀው የለም፤ የሚታየው ድፍረቱና የፈረስ አያያዙ ነው። ግልቢያ እንጀራ በሆነባቸው አገሮች ግን ጆኪው፣ ማለትም በክፍያ የውድድር ፈረስ የሚጋልበው ሰው፣ ኮርቻውን ይዞ ከውድድሩ በፊት ይመዘናል፣ ከጨረሰም በኋላ ተመልሶ ይመዘናል። እዚህ ደሴ ስለዚህ ሙያ ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የምናነሳው ከፈረስ መውደቅን ነው። ፈረሶቹን አምቡላንስ ከኋላ እየተከተላቸው የሚካሄድ ስፖርት በመሆኑ ስጋቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ውድቀት አንዳንድ ቀን የሚመጣ ሲሆን ሚዛኑ ግን በየቀኑ ይጠብቃል።

የኬንታኪ ደርቢ በተባለው የአሜሪካ የፈረስ ውድድር አንድ ወንድ ፈረስ ጆኪውንና ኮርቻውን ጨምሮ የሚሸከመው 57 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በሌሎች በርካታ ውድድሮች ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይጠየቃል። እዚያ ለመድረስ ጆኪዎች ምግብ ይተዋሉ፣ በእንፋሎት ክፍል ወይም በሙቅ ውኃ ውስጥ ላብ እያወጡ ከሰውነታቸው ውኃ ይቀንሳሉ። ውኃ ያጣ ሰውነት ይዝላል፣ ስሜቱ ይቆጣል፣ ውሳኔው ይዘገያል፤ ያው ሰው ግን ወዲያው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሮጥ ፈረስ ላይ፣ በሌሎች ፈረሶች መካከል፣ በቅጽበት እንዲወስን ይጠበቅበታል። በእንግሊዝ 13 ጊዜ የጆኪዎች ሻምፒዮን የሆነው ፍሬድ አርቸር ረጅም ሰው ስለነበረ ዘመኑን በሙሉ በጾምና በሚያስቀምጥ መድኃኒት ከክብደቱ ጋር ሲታገል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 በ29 ዓመቱ ራሱን አጥፍቷል። ሚስቱን በሞት ማጣቱና ሕመሙም ስለነበሩበት ምክንያቱን አንድ ብቻ ማድረግ አይቻልም፤ ቢሆንም ለዓመታት የተራበ ሰው ሐዘንን የሚሸከምበት አቅም አነስተኛ መሆኑን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የብሪታንያ የውድድር ሜዳዎች የእንፋሎት ክፍሎችን ለዘለቄታው ያስወገዱት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ዘግይቷል ባይ ነኝ።

ሚዛኑን ይበልጥ የሚያከብደው የክፍያው ሥርዓት ነው። አብዛኞቹ ጆኪዎች ደመወዝተኞች ሳይሆኑ በጋለቡበት ልክ የሚከፈላቸው ናቸው፤ ዛሬ አልችልም ያለ ጆኪ ፈረሱን ለሌላ ይለቃል፣ አሠልጣኙም ነገ ላይመልስለት ይችላል። በዚህ የተነሳ ጭንቅላቱን የተመታው ሕመሙን ለመደበቅ፣ የደከመውም ወደ ሌላ ከተማ ሜዳ ለሰዓታት መኪና ለመንዳት ይገደዳል። በዚህ ላይ ገንዘቡ የተበላበት ተወራራጅ ስድቡን በስልኩ ይልክለታል። እኛም በኳስ ውርርድ የተሸነፈ ወጣት ፍጹም ቅጣት ምት የሳተውን ተጫዋች ሲረግም እየሰማን ስለሆነ ይህ ለከተማችን እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ጆኪዎችን ስለ ጽናት ማስተማር ብቻውን መፍትሔ ነው የሚለውን አልቀበልም። ዝቅተኛው ክብደት ለአዋቂ ሰው አካል በሚስማማ መጠን ከፍ ይበል፣ ሐኪም ያገደው ጆኪም ላረፈበት ቀን ይከፈለው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በሽልማት የፈረስ ውድድር ለማዘጋጀት የሚያስብ ካለ፣ ፈረሰኛውን በክብደቱ እንዳይመርጥ፣ የራስ ቁርን ግዴታ እንዲያደርግ፣ ራሱን የተመታ ሁሉ በዚያ ቀን ዳግም እንዳይጋልብና የሕክምናውን ወጪ አዘጋጁ እንዲሸፍን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይወስን።