ከጭስ ማውጫ ጋር የዋለ ኮይል

ትናንት ማታ መገናኛ ላይ ዲኤክሴ ቀጥ አለች። ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ቀና ስል አራት አማካሪ ከበበኝ። አንዱ ቤንዚን አልቆብህ ነው ይላል። አንዱ ካንዴላ ነው ይላል። እንዲህ እየተከራከሩ ሩብ ሰዓት አለፈ። በቆሎ እሸት የሚግጡ አንድ አባት መጡና «የሆነች ሽቦ ናት» አሉ። ጣታቸውን ሰደድ አድርገው አንዱን ካቦ ነካኩ። «በል አስነሳ!» ተነሳች። ተጨበጨበላቸው።

ሽቦ አይደለችም፤ ኮይሉ ነው። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ አሥር ሺዎች ቮልት ከፍ አድርጎ ለካንዴላ የሚያቀብለው ጣሳ መሳይ ዕቃ። ድሮ ከሞተሩ ራቅ ብሎ የጎን ላሜራው ላይ ታስሮ ነበር። ባለፈው መካኒኬ ካቦ ሲያጥረው አንስቶ ከጭስ ማውጫው አጠገብ አሰረው። ግማሽ ሰዓት ስነዳ ይግልና እሳት መስጠት ያቆማል። ሲበርድ ይሠራል። ከበረደ በኋላ ድመት ብትነካውም ይነሳል። አባት ግን ይኼኔ በሰፈራቸው መካኒክ ተብለዋል።

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች። ይህቺን ተረት እወዳታለሁ፤ እናቴ ፊት ብቻ አልናገራትም። ለመካኒኩም ተረትኩለት። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ አየር ያገኛል» አለኝ። አየር! ምጣድ ላይ ቁጭ ብለህ ንፋስ ተቀበል እንደማለት።

ንቄ ተውኩትና ራሴ ልመልሰው ተነሳሁ። ረዘም ያለ ካቦ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። የቀረው ሁለት ብሎን መፍታት ነው። 12 ቁጥር ቁልፍ ይፈልጋል። የቁልፍ ሳጥኔን ስከፍት 12 ቁጥር የለችም። ጎረቤቴ የውሃ ታንከር ላስር ብሎ ከወሰዳት ሁለት ዓመቷ ነው። እድር ላይ በተገናኘን ቁጥር «ቁልፍህን እኮ አልረሳኋትም» ይለኛል። አልረሳኋትም ማለት ምን ማለት ነው? አስታውሳት ያለህ አለ? አምጣት! እድራችን አርፍዶ የመጣን ይቀጣል፤ ቁልፍ የዋጠን ግን ባለፈው ወር ገንዘብ ያዥ አድርጎ መረጠው። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

ኮይሉ? እዚያው ነው። ይህን የምጽፈው መገናኛ ቆሜ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌበት እስኪበርድ እየጠበቅኩ። አንድ አባት ኮፈኑ ሥር አጎንብሰዋል። በቆሎ ይዘዋል።